አግዳሚው ይመርምራቸው

በፈተና ሰሞን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሚመጣ ራስ ምታት ራስ ምታት አይደለም፣ ያልተነበበ ሞጁል ነው እል ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ የሚመጣ የሆድ ቁርጠት ደግሞ ሒሳብ ነው። ቀልዱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ካርድ ክፍል የምትሠራው ባልደረባዬ በሰማችው ቁጥር ትስቅ ነበር፣ እኔም እሷን ለማሳቅ ደጋግሜ አወራው ነበር።

ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ግቢ የተማሪዎች ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። በራችን ላይ «የተማሪዎች ጤና፣ ደህንነትና ድጋፍ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ተማሪ ፈተና ቢቀር ኤፍ ይመዘገብበታል። ኤፉ የሚቀርለት ከእኛ ማኅተም ያለበት ወረቀት ካመጣ ብቻ ነው። ወረቀቱን እነሱ «ሜዲካል» ይሉታል፣ እሱን የያዘ ሌላ ቀን ይፈተናል። ስለዚህ በፋይናል ሳምንት ክሊኒካችን መናኸሪያ ይመስላል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ ይፈልጋል፣ ትኬቱ ደግሞ ያለው እኔ ጋ ነው።

እንዲህ ሆኜ አልተፈጠርኩም። ግቢው ከመቀጠሬ በፊት ጃጁራ ጤና ጣቢያ ስሠራ በገበያ ቀን ወረፋው ውጭ ድረስ ይወጣል፣ እኔ ግን የአንዱንም ሰው ሆድ ሳልዳብስ አልሰደድኩም። ግቢ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ልጅ ወገቤን ብሎ እያለቀሰ መጣ። ደግፌ አልጋ ላይ አስተኛሁት፣ የሦስት ቀን እረፍትም ጻፍኩለት። በማግስቱ የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊው ሠራተኛ ሁሉ በተሰበሰበበት ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየ። ያ ወገቡን ያመመው ልጅ ጎል አግብቶ፣ ማልያውን አውልቆ እያውለበለበ ሜዳውን ይዞረዋል። ስብሰባው በሳቅ አለቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ቤቴ ስገባ ግን በንዴት አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳያታልለኝ ማልኩ።

አግዳሚውን ያገኘሁት ያኔ ነው። ከክሊኒኩ በር ፊት ለፊት ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አንድ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ወንበር አለ። በፈተና ጠዋት የመጡትን በሙሉ እዚያ እደረድራቸዋለሁ። ልክ ሁለት ሰዓት እንዳለፈ ብቅ ብዬ «ዛሬ ሜዲካል የለም። መድኃኒት የሚፈልግ ይጠብቅ፣ ሦስት ሰዓት ላይ አያለሁ። ወረቀት የሚፈልግ እዚህ ጊዜውን አያቃጥል» እላለሁ። ፈተናው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፣ የአዳራሹ በር ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ልጆቹ ትንሽ ይተያያሉ። አንዱ ይነሣል፣ ከዚያ ሁለትና ሦስት ሆነው ይከተላሉ፣ ከዚያ ሩጫ ነው። የሄደውን ሰው ስም መዝገቡ ላይ አሰፍርና ከጎኑ «ጤነኛ፣ ፈተና ገብቷል» ብዬ እፈርማለሁ። አግዳሚው ላይ የቀረው ታማሚ ነው፣ እሱን አክማለሁ። «አግዳሚው ይመርምራቸው» የምለው ይህን ነበር።

ሠራልኝም። የሜዲካል ጠያቂው ቁጥር ወረደ። ያ ቪዲዮ ያሳየው ኃላፊ በሌላ ስብሰባ ላይ አስነሥቶኝ «ይህ ምርጥ ተሞክሮ ነው፣ ተቀምሮ ለሌሎችም መስፋት አለበት» አለ፣ ተጨበጨበልኝም። ቁጭ ብዬ በሁለት ገጽ ቀመርኩት። ታሞም ቢሆን ኤፍ የሚፈራ ሰው ተነሥቶ እንደሚሄድ፣ እንዲያውም ከሁሉ ቀድሞ እንደሚሄድ፣ ከአጨብጫቢዎቹ አንድም ሰው አላሰበም። እኔም አላሰብኩም።

ልጅቷ የመጣችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ግቢው ጭቃ ሆኖ ነበር። ከሺንሺቾ ወጣ ካለ ገጠር የመጣች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት። ፊቷን አውቀዋለሁ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ሁልጊዜ አያት ነበር። ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ ቀኝ እግሯን ወደ ሆዷ ሰብስባ ተቀምጣለች። አቀማመጧን አየሁት፣ አላየሁም ብዬ አልዋሽም።

የተለመደውን ንግግሬን አድርጌ ስጨርስ አምስት ስድስቱ ሮጡ። እግሩ የቆሰለ አንድ ልጅና እሷ ቀሩ። ሰዓቱ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ አልሞላም፣ ነገር ግን ያልሄደችው ለምን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ጠጋ አልኩ።

«አንቺስ?»

«ሆዴን ነው ሲስተር። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ነው። መጀመሪያ እምብርቴ ዙሪያ ነበር፣ አሁን ወደዚህ ወረደ» አለችና ቀኝ ጎኗን ከታች በመዳፏ ያዘች። «ምግብም አልወስድ አለኝ። ሁለት ጊዜ አስታወከኝ።»

ነርሲንግ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ትርፍ አንጀት ሲታመም ልክ እንደዚህ ነው። እምብርት ላይ ይጀምራል፣ ወደ ቀኝ ይወርዳል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ያስታውካል። አስተማሪያችን በቃል ያስያዘን ቅደም ተከተል ራሱ ነው፣ ልጅቷ አንዱንም ሳታዛንፍ ነገረችኝ። እንግዲህ እኔ ምን ብዬ ባስብ ጥሩ ነው? ጎግል አድርጋ ነው የመጣችው አልኩ። እውነተኛ በሽተኛ እንዲህ አሳክቶ አይናገርም፣ እዚህም እዚያም ያመኛል ነው የሚለው።

«በደንብ አጥንተሻል» አልኳት።

አልገባትም። «ፈተናውን ነው?»

«በሽታውን ነው እንጂ።»

ከመስኮቱ ወዲያ ባልደረባዬ ስትስቅ ሰማሁ፣ ልጅቷም ሰማች። ፊቷ አልተቆጣም። ልክ አስተማሪ ያልገባትን ነገር እንደተናገረ አድርጋ ታየኝ ነበር።

«ወረቀት ከሌለኝ ኤፍ ነው አይደል?» አለች።

«ነው።»

«እኔ ዋርኒንግ ላይ ነኝ ሲስተር። ባለፈው ሴሚስተር ውጤቴ አልመጣም። አሁን አንድ ኤፍ ካገኘሁ ያባርሩኛል።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ደህና ነሽ። ምንም አልሆንሽም። ተነሺና ተፈተኚ!»

ለአፍታ ዓይኔን አየችኝ። ልራራላት እንደሆነ የምትለካኝ መሰለኝና ፊቴን አዞርኩ። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች፣ በጭቃው ላይ እየተጠነቀቀች ዳገቱን ወደ አዳራሹ ወጣች። መዝገቡን ስቤ ስሟን ጻፍኩና «ጤነኛ፣ ፈተና ገብታለች» ብዬ ፈረምኩ። ሆዷን ዳብሶ ለማወቅ የሚፈጀው ጊዜ ይህን ከመጻፍ አይበልጥም። እጄን አላሳረፍኩባትም፣ ሙቀቷንም አልለካሁም። ከዚያ የእግር ቁስል ያለበትን ልጅ አስገብቼ ቁስሉን በጥሩ ሁኔታ አጠብኩለት።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ፈታኙ መምህር ነው።

«ሲስተር፣ አንዲት ተማሪ መልስ መስጫዋ ላይ አስታወከች። መቀመጥም አልቻለችም። ይዘናት እንምጣ?»

ስሟን ጠየቅሁት፣ ከመታወቂያዋ ላይ አነበበልኝ።

«ጠዋት እዚህ ነበረች። ሜዲካል ፈልጋ ስከለክላት ነው ይሄን የምትሠራው። ዶርሟ ትሂድና ትረፍ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፣ እርግጠኛ ነበርኩና። መምህሩ ደግ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። እሺ ብሎ ስልኩን ዘጋው። ወረቀቷ ባዶ ሊባል በሚችል ሁኔታ ተሰበሰበ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ የዶርሟ ልጆች ተሸክመው ባጃጅ ውስጥ አስገቧት፣ ሆስፒታል ወሰዷት። እኛ ጋ ይዘዋት አልመጡም። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። ወዲያው ቀዶ ጥገና ገባች፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሆዷ መግል ቋጥሮ እንደገና ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ወሬውን ያመጣችልኝ ባልደረባዬ ናት፣ ያን ቀን አልሳቀችም።

እንደሰማሁ መጀመሪያ ያሰብኩት ልጅቷን አልነበረም። መዝገቡን ነው ያሰብኩት። ከመደርደሪያው አውጥቼ ማክሰኞን ገለጥኩ። በገዛ እጄ ጽሑፍ የሰፈረውን አንብቤ እፎይ አልኩ። ፈተና ገብታለች፣ በእግሯ ሄዳ ገብታለች፣ ምስክር አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ትሞት ይሆን የሚለው የመጣብኝ፣ ያኔም ቢሆን ግማሹ ፍርሃት ለራሴ ነበር። ሆስፒታሉ ከክሊኒካችን ሩቅ አይደለም። አንድም ቀን ሄጄ አልጠየቅኳትም።

አልሞተችም። ከብዙ ሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ከአባቷ ጋር ክሊኒክ መጣች። ቀሚሷ ሰፍቷት ነበር። አባቷ ረጅም ሰው ናቸው፣ ቦት ጫማቸውን በር ላይ ከጭቃው ጠርገው ነው የገቡት። አማርኛቸው እየፈለጉ የሚያወጡት ዓይነት ነው።

«ልጄን መጀመሪያ ያየሽ አንቺ ነሽ አለችኝ። ጌታ ይባርክሽ እህቴ። ሰው ባለበት አገር ነው የላክኋት፣ ጌታ ይመስገን» አሉና በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

ልጅቷን አየኋት። አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ብልጥ ናት አልኩ በልቤ። ለአባቷ እውነቱን ሳትነግር እኔን ደግ አድርጋ የሳለችኝ እንድጽፍላት ነው ብዬ አሰብኩ። የምትፈልገውን አውቀዋለሁ። ከረቡዕ ጀምሮ ላሉት ፈተናዎች የሆስፒታሉ ወረቀት ይበቃታል። የማክሰኞው ብቻ ነው የቀረው። ማክሰኞ ጠዋት ታማ ወደ ክሊኒክ መምጣቷን የሚመሰክር አንድ መስመር ከጻፍኩላት ያ ኤፍ ይነሣል፣ ትማራለች። ካልጻፍኩ ትባረራለች። በዓለም ላይ ያን መስመር መጻፍ የምችለው ሰው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

«ሲስተር፣ ማክሰኞ መጥቼ እንደነበር ብቻ ይጻፉልኝ» አለች።

ብጽፍላት ምን እንደሚከተል አሰብኩ። የታመመች ተማሪ መጥታ መለስሽ ማለት ነው፣ ፈታኙ ደውሎልሽ ሳለ አትምጣ አልሽ ማለት ነው። በዚያ ሳምንት የክሊኒኩ አስተባባሪ እንድሆን ስሜ ቀርቦ ነበር። አግዳሚውም በእኔ ሁለት ገጽ መሠረት ሌላ ግቢ ሥራ ጀምሯል። ፈራሁ፣ ስፈራ ደግሞ ድምፄ ይጠነክራል።

«መዝገብ አይደለዝም አባቴ፣ ሕግ ነው። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ አለ፣ እዚያ ያመልክቱ።»

«ኮሚቴው ውስጥ አንቺ አለሽ?»

«አለሁ።»

ፊታቸው በራ። «እንግዲያውስ አንቺ ካለሽ አለቀ» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁት። እንደ ወጡ ቅቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ባልደረባዬ አየችኝና ወደ ካርዶቿ ተመለሰች። ለጋ ቅቤ ነበር፣ ቤት ውስጥ ሳምንት ሙሉ ቁርስ ላይ በላነው።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ፎቅ ላይ በኃላፊው ቢሮ ነው። አምስት ነን፣ ፊት ለፊታችን ሻይና ሳምቡሳ አለ። ልጅቷን አስገቧት፣ ወንበር ግን አልሰጧትም። ቆማ መቆየት እንደሚከብዳት በአቋቋሟ ያስታውቃል። ኃላፊው ፋይሉን እየገለጠ ማክሰኞ ታመሽ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አሞኝ ነበር» አለች። «ግን ሲስተር ደህና ነሽ ብለውኛል።» ይህን ብላ ወደ እኔ ዞረች። አስተያየቷ ክስ አልነበረበትም፣ ቀሪውን እርስዎ ይንገሯቸው የሚል ይመስል ነበር።

«መዝገቡ ምን ይላል?» አለ ኃላፊው።

አነበብኩለት።

ከአባላቱ አንዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ መምህር፣ ሻያቸውን አስቀምጠው «ትኩሳት ነበራት?» ብለው ጠየቁኝ።

«በመዝገቡ ላይ ትኩሳት አልተመዘገበም» አልኩ። ውሸት አይደለም፣ አልለካሁማ! ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ማስታወሻ ያዙ። ሌላ ጥያቄ የነበረው የለም። ማክሰኞ ጤነኛ ሆና ለፈተና እንደተቀመጠች ታምኖበት፣ ያገኘችው ኤፍ እንዲጸና፣ ባለባት ማስጠንቀቂያ መሠረትም እንድትሰናበት ተወሰነ። ኃላፊው ለልጅቷ በአጭሩ ነገራትና መውጣት እንደምትችል አመለከታት። እሺ ብላ ወጣች።

ቃለ ጉባኤው እስኪጻፍ ትንሽ አየር ልውሰድ ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ ኮሪደር ላይ ወጣሁ። ሄዳለች ብዬ ነበር፣ ደረጃው ራስጌ ላይ የብረት መደገፊያውን ይዛ ቆማለች። በመስኮቱ ቁልቁል ሳይ አባቷ ፍራሿንና ሻንጣዋን አጠገባቸው አድርገው በር ላይ ይጠብቃሉ። ግቢው ዶርሟን አስቀድማ እንድትለቅ አድርጓት ነበር። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለችኝ።

«ጠይቂ።»

«ያን ቀን በጣም ነበር ያመመኝ። ግን እርስዎ ምንም አልሆንሽም ሲሉኝ፣ የተማሩ ሰው ናቸው፣ ያውቃሉ ብዬ አመንኩ። ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ ነው የሄድኩት። ማታም ዶርም ልጆቹ ሆስፒታል እንውሰድሽ ሲሉኝ ሲስተር አይተውኛል፣ ደህና ነኝ አልኳቸው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ታዲያ ማክሰኞ ያመመኝ ምን ነበር?»

ልታዋርደኝ ብላ አልነበረም የጠየቀችኝ። እውነት ስላላወቀች ነው። ያኔ ነው የገባኝ፣ ለአባቷም የነገረችው ብልጠት እንዳልነበረ። ከዚያ አግዳሚ ላይ ካስነሣኋቸው ሁሉ ቃሌን ያመነችው እሷ ነበረች፣ ማመኗ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን አስተኝቷት ሊገድላት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

«ትርፍ አንጀትሽ ነበር» አልኳት። «ማክሰኞም እሱ ነበር። ሳልነካሽ ነው ደህና ነሽ ያልኩሽ።»

ራሷን በዝግታ ነቀነቀች፣ ክፍል ውስጥ መልስ እንደተሰጣት ተማሪ።

«እሺ ሲስተር። አመሰግናለሁ» አለችና አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

በሩ ከኋላዬ ገርበብ እንዳለ ነው። ኃላፊው ስኳር ይጨመርልኝ ሲል ይሰማኛል። ቃለ ጉባኤው ገና አልተፈረመም፣ አምስታችንም ካልፈረምን ውሳኔ አይሆንም። አሁን ለእሷ ያልኩትን እዚያ ውስጥ ለማለት ሦስት እርምጃ ይበቃኝ ነበር። ልጅቷ አንድ ደረጃ ወርዳ ትቆማለች፣ ደግሞ አንድ ትወርዳለች። የመጨረሻው ደረጃ ላይ እስክትደርስ ቆሜ አየኋት። ከዚያ ተመልሼ ገባሁ፣ ወንበሬን ሳብኩና ፈረምኩ።